የተፋቀው ገጽ፦ ስለ መንፈሳዊ መጻሕፍትና ስለ በይነ መረብ ስብከት ከአንባቢያን ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ባለፉት ወራት ለዚህ ዓምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ብዙዎቹ ሰባክያንና መምህራን ትምህርታቸውን በመጽሐፍ፣ በቴሌግራም፣ በዩቲዩብና በቲክቶክ ስለሚያስተላልፉበት መንገድ የሚጠይቁ ነበሩ። ከእነርሱ አራቱን መርጫለሁ። የምመልሰው መንፈሳዊ መጻሕፍትን ለዓመታት ሳርም ከቆየሁበት ልምድ ተነሥቼ እንጂ በነገረ መለኮት መምህርነት አይደለም፤ ስለዚህም የትኛው ትምህርት ትክክል እንደ ሆነ መፍረዱን ለባለቤቶቹ ትቼ፣ ትምህርቱ ከአፍ ወደ ወረቀት፣ ከወረቀትም ወደ ስልክ ሲሻገር የሚደርስበትን ብቻ እመለከታለሁ።

ጥያቄ፦ ዲያቆን ነኝ፤ የምኖረው በባሕር ዳር ነው። ከጓደኞቼ ጋር በከፈትነው የቴሌግራም ቻናል መንፈሳዊ መጻሕፍትን በፒዲኤፍ እየለቀቅን በገጠር ላሉና መግዛት ለማይችሉ ወገኖች እናደርሳለን። በቅርቡ አንድ መምህር «መጽሐፌን ከቻናላችሁ ላይ አንሡልኝ» ብለው ጻፉልን። «በከንቱ ተቀበላችሁ፥ በከንቱ ስጡ» ተብሎ ሳለ የእግዚአብሔርን ቃል በነፃ ማዳረስ እንዴት ጥፋት ይሆናል? አባቶቻችንስ መጻሕፍትን ሲገለብጡ ማንን አስፈቀዱ?

መልስ፦ ዲያቆን ወንድማችን፣ ሐሳብዎ ቅን እንደ ሆነ ከደብዳቤዎ ይታያል፤ መጻሕፍት መሸጫ በሌለበት ወረዳ ለሚኖር ወጣት ያለው መጽሐፍ ቤት ስልኩ ብቻ እንደ ሆነም አውቃለሁ። ነገር ግን የጠቀሱት ቃል የሚገኘው በማቴዎስ ወንጌል በ10ኛው ምዕራፍ ቁጥር 8 ላይ ሲሆን፣ ሁለት ቁጥር ወረድ ብለው ቢያነቡ በዚያው ንግግር ውስጥ «ለሠራተኛ ምግቡ ይገባዋልና» የሚለውን ያገኙታል። ሁለቱንም የተናገረው አንዱ ጌታ ለእነዚያው ደቀ መዛሙርት ነው። በከንቱ ስጡ የተባሉትም የተቀበሉት ሰዎች ናቸው እንጂ የሌላውን ድካም አንሥቶ የሚያድል ሦስተኛ ሰው በዚያ ስፍራ አልተጠቀሰም።

ስለ አባቶች ያነሡት ነጥብ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ መጽሐፍን መገልበጥ በእኛ ዘንድ እንደ በረከት የሚቈጠር ሥራ ነበርና። ይሁን እንጂ ቁም ጸሐፊው (መጽሐፍን በእጁ የሚገለብጠው ባለሙያ) ብራናውንም፣ ቀለቡንም፣ የድካሙን ዋጋም የሚያገኘው ከአጻፊው ነበር፤ በመጽሐፉ ፍጻሜም ያጻፈውና የጻፈው ሰው ስማቸው ይሰፍራል፣ አንባቢውም በስማቸው እንዲጸልይላቸው ይለመናል። ከዚያ ቀጥሎ በብዙ የብራና መጻሕፍት ላይ የሚገኘው ግዝት ይመጣል፦ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ለይኩን»፤ የሰረቀውና የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። ልብ ይበሉ፤ ግዝቱ «የገለበጠው» አይልም። ከሌባው ቀጥሎ የሚፈራው ፋቂው ነበር፣ የባለቤቱን ስም በቢላዋ አንሥቶ የራሱን የሚጽፍበት ሰው። (ብራና ራሱ ቆዳ ተፍቆ የሚሠራ ነገር ነውና፣ የሚሠራበትና የሚጠፋበት ሥራ በአንድ ግሥ መጠራቱ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።)

ከደብዳቤዎ ጋር የላኩልኝን ፒዲኤፍ ከፍቼ ተመለከትሁት። ገጾቹ በስልክ ካሜራ የተነሡ ናቸው፤ ገጽ 47 ላይ መጽሐፉን የያዘው ሰው አውራ ጣት ሁለት መስመር ሸፍኗል። የመጀመሪያዎቹ አራት ገጾች፣ ማለትም የደራሲው ስም፣ የታተመበት ዓመት፣ የመብት ማስታወቂያውና ያረሙት ሰዎች ስም የሰፈረባቸው፣ ጨርሶ የሉም። በየገጹ ላይ ግን የቻናላችሁ ስም በቀይ ቀለም ሰያፍ ሆኖ ታትሟል። ገጾቹን ያስቀረው ከእናንተ በፊት ፋይሉን ያገኘው ሰው ሊሆን ይችላል፤ ቀዩን ስም ግን እናንተ ናችሁ ያተማችሁት። ከመምህሩ ቅሬታ ይልቅ የከበደኝ ይህ ነው።

በአገራችን ሕግም ነገሩ የተዘነጋ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ ከሚሰጣቸው ሥራዎች መካከል መጽሐፍን ብቻ ሳይሆን ንግግርን፣ ስብከትንም ጭምር በስም ይቈጥራል፤ የደራሲው የኢኮኖሚ መብትም በሕይወት ዘመኑ ሁሉና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። ስለዚህ ከ300 ዓመት በፊት በብራና የተጻፈ ገድል ዛሬ ባለመብት የለውም፤ ያንን ገድል ባለፈው ዓመት ወደ አማርኛ የመለሱት መምህር ግን በትርጉማቸው ላይ መብት አላቸው። ምንጩን ገልጦ ከመጽሐፍ ጥቂት መጥቀስ የተፈቀደ ነው፤ መጽሐፉን በሙሉ ማደል ግን ጥቅስ ሊባል አይችልም።

መብቱን ከገንዘብ ጋር አያይዘን ስናነሣ ብዙ ሰው ቅር ይለዋልና አንድ ያየሁትን ልንገርዎ። አንድ የማውቃቸው መምህር የመጀመሪያ መጽሐፋቸውን ያሳተሙት በዕቁብ በደረሳቸው ገንዘብ ነው። ማተሚያ ቤቱ ቅድሚያ ክፍያ ጠየቃቸው፤ ወረቀቱ ከውጭ የሚገባ ስለ ሆነ ዋጋው በመካከል ጨምሮ ሁለተኛ ብድር ገቡ፤ መጽሐፉን የተረከቡት ነጋዴዎች ደግሞ የሚከፍሉት ከሸጡ በኋላ ነበር። ካርቶኖቹ በመኝታ ቤታቸው ከአልጋው ሥር ተደርድረው ሳለ፣ በሦስተኛው ሳምንት የመጽሐፋቸውን ፒዲኤፍ የላከላቸው የገዛ የንስሐ ልጃቸው ነበር፤ «አባ፣ እንኳን ደስ አለዎት፣ መጽሐፍዎ በየቦታው እየተነበበ ነው» የሚል መልእክት ጨምሮ። ሁለተኛውን መጽሐፍ አላሳተሙም።

የምመክርዎ እንዲህ ነው። የመምህሩን መጽሐፍ ዛሬውኑ ያንሡና ይቅርታ ይጠይቁ፤ ከዚያም በዚያው ደብዳቤ ፈቃድ ይለምኑ። ከልምዴ እንደማውቀው ብዙ ደራስያን ሲጠየቁ የቆየ እትማቸውን በነፃ ይለቃሉ፣ ከአዲሱም መግቢያውንና አንድ ምዕራፍ ይሰጣሉ። ባለመብት የሌላቸውን ጥንታውያን መጻሕፍት ደግሞ ከነመጀመሪያ ገጻቸው ይልቀቁ። ለገጠሩ ወጣት በእርግጥ የሚያስቡ ከሆነ፣ የቻናላችሁ አባላት በየወሩ ጥቂት ብር አዋጥተው አንድ አንድ መጽሐፍ ለአንድ የገጠር ሰንበት ትምህርት ቤት ቢልኩ፣ አንዱ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ እየተዘዋወረ ኔትወርክ በማይደርስበትም ስፍራ ይነበባል።

ጥያቄ፦ የምኖረው በአዳማ ሲሆን በቤተ ክርስቲያናችን የሚዲያ ክፍል አገለግላለሁ። የመጋቢያችንን ስብከት አንድ አንድ ደቂቃ እየቈረጥኩ በቲክቶክና በዩቲዩብ ሾርትስ እለቃለሁ። ባለፈው ወር የለቀቅኩት አንድ ቁራጭ መጋቢው የማያምኑበትን ነገር እንዳስተማሩ አስመስሎ ብዙ ስድብ አመጣባቸው። አንድም ቃል አልለወጥኩም፤ ታዲያ ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ እኅታችን፣ ቁራጩንም፣ የ52 ደቂቃውን ሙሉ ስብከትም ተመለከትሁ። መጋቢው 31ኛው ደቂቃ ላይ «አንዳንድ ሰዎች ምን ይላሉ መሰላችሁ» ብለው ይጀምሩና የእነዚያን ሰዎች አነጋገር እየቀዱ፣ የታመመ ሰው ሐኪም ቤት ከሄደ እምነት የለውም የሚለውን አባባል ለአርባ ሰከንድ ያህል ያሰማሉ፤ ጉባኤውም ይስቃል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ወንጌልን የጻፈው ሉቃስ ራሱ «የተወደደው ባለ መድኃኒት» መባሉን ያስታውሱና አባባሉን ያፈርሱታል። የእርስዎ ቁራጭ የሚጀምረው «ምን ይላሉ መሰላችሁ» ከሚለው ቀጥሎ ነው፤ የሚያበቃውም ከሉቃስ በፊት ነው። አንድም ቃል አለመለወጥዎ እውነት ነው፤ የፋቁት ግን «አንዳንድ ሰዎች» የሚለውን ነው።

ይህ የመጋቢው ብቻ የአነጋገር ልማድ አይደለም። የተቃዋሚን ሐሳብ አስቀድሞ አሳምሮ ማቅረብና ከዚያ በኋላ መመለስ የስብከት ነባር ስልት ነው። በኦርቶዶክሱ ወገንም አንድምታውን፣ ማለትም ነባሩን የቅዱሳት መጻሕፍት ትርጓሜ፣ የሰማ ሰው መምህሩ «አንድም» እያለ ትርጓሜን በትርጓሜ ላይ ሲደርብ፣ በመካከልም ጥያቄ አንሥቶ ሲመልስ ያውቀዋል፤ ከአምስቱ «አንድም» አንዱን ብቻ ነጥሎ የወሰደ ሰው መምህሩን ጠቀስኩ ሊል አይችልም። አፍ ለአፍ በሚተላለፍ ትምህርት ይህን የሚጠብቀው ተማሪው እስከ መጨረሻው መቀመጡ ነበር። የካሴቱ ዘመን እንኳ ከዚህ ብዙ አልራቀም፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የተገዛው ካሴት ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው እየተገለበጠ እስኪያልቅ ይሰማ ነበር።

አጭር መልእክት ማስተላለፍ ግን በራሱ ነውር የለበትም፤ አዲስ ነገርም አይደለም። በ1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረውና ደርግ በ1969 ዓ.ም. እስኪወርሰው ድረስ በአጭር ሞገድ ለአፍሪካና ለእስያ በብዙ ቋንቋዎች ያሰራጭ የነበረው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ፣ እንደ ማንኛውም ሬዲዮ በተወሰነ ሰዓት የሚሠራ ነበር። የሬዲዮ ሰባኪ ስንት ደቂቃ እንደ ተሰጠው አውቆ መልእክቱን ለዚያ ደቂቃ ይሰፋል። እናንተ የምታደርጉት ግን ለ52 ደቂቃ የተሰፋውን ልብስ እጅጌውን ቈርጦ ለሕፃን ማልበስ ነው። ስለዚህ መጋቢውን ከስብከቱ በኋላ አምስት ደቂቃ ይለምኗቸውና የዕለቱን ዐሳብ ለአንድ ደቂቃ ብለው ራሳቸው እንዲናገሩት ያድርጉ።

መቈረጥ ካለበት ደግሞ ከሚነበበው የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ጀምረው እስከ ማሰሪያው ይውሰዱ፤ የሰባኪውን ስም፣ ስብከቱ የተሰጠበትን ቀንና ስፍራ፣ የሙሉውን ቪዲዮ አድራሻ ከሥሩ ይጻፉ፤ ከመልቀቅዎ በፊትም ስብከቱን ላልሰማ አንድ ሰው አሳይተው ምን እንደ ተረዳ ይጠይቁት። የሌሎችን ሰባክያን ስብከት እየቈረጡ ገቢ ለማግኘት ለሚያስቡ ጓደኞችዎም አንድ ቃል አለኝ፤ ዩቲዩብ ከማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል ቢያንስ 1,000 ተከታይና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የዕይታ ሰዓት፣ ወይም በ90 ቀን ውስጥ 10 ሚሊዮን የሾርትስ ዕይታ ከመጠየቁ ሌላ፣ የሰው ሥራ ብዙም ሳይጨመርበት መልሶ የሚለቅን ቻናል ከገቢው ያስወጣል።

ጥያቄ፦ መሪጌታ ነኝ፤ የምኖረው በጎንደር ሲሆን ዕድሜዬ 71 ዓመት ነው። ለ40 ዓመታት ቅኔና ሐዲሳትን (የሐዲስ ኪዳን ትርጓሜን) ሳስተምር የያዝኩትን ማስታወሻ አንድ ደቀ መዝሙሬ በኮምፒውተር ጽፎልኝ 380 ገጽ ሆኗል። ልጆቼ «አባባ፣ አሁን መጽሐፍ የሚያነብ የለም፤ በዩቲዩብ ያስተምሩ» ይሉኛል። የትኛው ይሻለኛል?

መልስ፦ የተከበሩ መሪጌታ፣ ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ ቢሉኝ መጽሐፉን እመርጥልዎታለሁ፤ ምክንያቴም የአንባቢ ብዛት አይደለም። መጽሐፍ ከአንባቢ እጅ ከመግባቱ በፊት ብዙ ዓይን ያልፋል። ዘርፍዎ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ስለ ሆነ ረቂቁ ለሊቃውንት ጉባኤ ቀርቦ ይመረመራል፣ አራሚ ያየዋል፣ ደራሲውም ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት እንደ ገና ያነበዋል። በካሜራ ፊት የተባለ ቃል ግን በዚያው ሌሊት ባሕር ማዶ ይደርሳል፤ በማግስቱ ቢጸጸቱበት እርስዎ ከቻናልዎ ያነሡታል እንጂ አውርደው ከያዙት ሰዎች ስልክ አይጠፋም።

ከጽሑፉ የላኩልኝን ሃያ ገጽ አንብቤ አንድ ነገር ሳልነግርዎ ማለፍ አልችልም። ደቀ መዝሙርዎ ታታሪ ነው፤ ሆኖም ሞክሼ ፊደላትን፣ ማለትም በአማርኛ አንድ ድምፅ ያላቸውን እንደ ሠ እና ሰ ያሉትን፣ እንደ አማርኛው ልማድ አቀላቅሏቸዋል። በአማርኛ ብዙ አንጨቃጨቅም፤ በግእዙ ግን እርስዎ ከእኔ ይልቅ እንደሚያውቁት ‹ሠዐለ› ሥዕል ሣለ ሲሆን ‹ሰአለ› ለመነ ነው፤ ‹ሠረቀ› ወጣ ሲሆን ‹ሰረቀ› ያው ሌብነቱ ነው። ገጽ 14 ላይ ፀሐይ መውጣቷ ቀርቶ ሰርቃለች። ይህን የሚያርመው ኮምፒውተሩ አይደለምና፣ ግእዝ የሚያውቅ ሌላ ሰው ጽሑፉን ከእጅ ጽሑፍዎ ጋር ቃል በቃል እያስተያየ እንዲያነበው ያድርጉ።

ስሕተት እንዳይገኝ ግን አይጨነቁ። የደብረ ሊባኖሱ መነኵሴ አባ ተስፋ ጽዮን በሮም ሆነው እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 የግእዙን ሐዲስ ኪዳን ሲያሳትሙ፣ ፊደሉን የሚደረድሩት የማተሚያ ቤቱ ሰዎች ግእዝ አያነቡም ነበር። አባም በመጽሐፉ ውስጥ አንባቢን ይቅርታ ሲጠይቁ፣ የሚያትሙት ማንበብ አይችሉም፣ እኛ የምናነበው ደግሞ ማተም አናውቅም፤ ስለዚህ ዕውር ዕውርን እንደሚመራ ተረዳዳን የሚል ዐሳብ አስፍረዋል። ያ መጽሐፍ ከነግድፈቱ እስከ ዛሬ የሊቃውንት መጠቀሻ ነው። ስለዚህ እርስዎም በመጨረሻው ገጽ «እርማት» የሚል ክፍል ከማስገባት አይፈሩ፤ እኔ በበኩሌ የእርማት ገጽ ያለበትን መጽሐፍ ይበልጥ አምናለሁ።

ሌላው የመጽሐፉ ጥቅም ስም የሚያኖር መሆኑ ነው። የመጽሐፉን መለያ ቁጥር (አይኤስቢኤን) ከወመዘክር፣ ከብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ያስወጡ፤ ቅጂም ያስገቡ። የጻፈልዎትን ደቀ መዝሙር ደግሞ በመግቢያው ላይ በስሙ ያመስግኑት። እ.ኤ.አ. በ1899 በስዊዘርላንድ የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በርዕስ ገጹ የሚታወቀው በኦኔሲሞስ ነሲብ ስም ነው፤ የቋንቋው ባለቤት ሆና ቃሉን ከቃል ያዛመደችውና በትርጉሙ አብራ የደከመችው አስቴር ጋኖ ግን ለብዙ ዘመን የምትነሣው በእግረ መንገድ ብቻ ነበር። አንድ መስመር ቢጻፍላት ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር።

ልጆችዎን ግን አያሳዝኗቸው። በካሜራ ፊት ብቻዎን ቆመው እንዲሰብኩ ሳይሆን፣ ተማሪው ንባቡን ሲያነብ፣ እርስዎም ቆም አድርገው ሲያርሙትና ሲተረጕሙለት ጉባኤውን እንዳለ በስልካቸው እንዲቀርጹት ይፍቀዱ። የቅኔ ዜማና የንባብ አጣጣል በወረቀት ላይ አይቀመጥምና፣ ከመጽሐፉ የሚጎድለውን ይህ ይሞላዋል። ድምፁ ጥርት እንዲል አንዲቱን ትንሽ ማይክ ከደረትዎ ላይ ይሰኩልዎ፤ ሥዕሉ ቢደበዝዝ ግድ የለም።

ጥያቄ፦ በቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ማታ ማታ ስብከት ሳልሰማ አልተኛም። በፌስቡክ የማከብራቸው መምህር ፎቶና ስም ያለበት ገጽ በውስጥ መስመር ሰላምታ ላከልኝ፤ ከዚያም ስለ ቤተሰቤ ክፉ ነገር እንደ ታያቸውና ለጸሎት ገንዘብ እንድልክ ጠየቀኝ። የመምህሩን ድምፅም ልኮልኛል። ልላክ?

መልስ፦ እኅቴ፣ አይላኩ። ብዙ ሺህ ሰው የሚከተላቸው መምህር አንዲት ምእመን ፈልገው ራሳቸው አይጽፉም፤ አስፈራርቶ ገንዘብ መጠየቅም ከስብከታቸው ጋር እንደማይገጥም እርስዎ ሌሊት ሌሊት ሲሰሟቸው የኖሩ ምስክር ነዎት። የመልእክቱ ገጽ ላይ ገብተው ስለ ገጹ የሚናገረውን ክፍል ቢከፍቱ የተከፈተበትን ቀንና ቀድሞ ይጠራበት የነበረውን ስም ያሳያል፤ እኔ ስመለከተው ከጥቂት ወራት በፊት የልብስ መሸጫ ነበር። ፓስፖርትዎንና የመኖሪያ ፈቃድዎን ፎቶ ልከው ከሆነ ዛሬውኑ ለሚያምኑት ሰው ይንገሩ፤ ገጹንም ለፌስቡክ አመልክተው ይዝጉት። ስእለት ካለብዎት በአገር ቤት ላለው አጥቢያዎ በእናትዎ እጅ ያስገቡት።

የላኩልኝን የድምፅ መልእክት ሦስት ጊዜ አዳመጥሁት። «የተወደዳችሁ ምእመናን፣ እንደ ምን ሰነበታችሁ» የሚለው በእርግጥ የመምህሩ ድምፅ ነው፤ ከኋላው የጉባኤው እልልታ ይሰማል። የባንክ ሂሳቡን ቁጥር የሚያነበው ግን ሌላ ሰው ነው፤ ከኋላውም የሚሰማው የመኪና ጥሩምባ ነው።